ሐኪም ሆኜ አይጥ ላክም? የነርቭ ጉዳት ተመራማሪነትን የምታውቁ ምከሩኝ

የታቦር_ልጅ | ጥቅምት 6፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። ሐኪም ነኝ። ሐዋሳ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ እዚሁ ተመርቄ አሁን ለሕክምና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ መወሰን አለብኝ፤ ወይ እንደ ጓደኞቼ ስፔሻሊቲ እገባለሁ፣ ወይ የነርቭ ሳይንስ ዶክትሬት እጀምራለሁ። ልቤ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። በተለይ ነርቭ ሲጎዳ ውስጡ ምን እንደሚሆን፣ ጉዳቱን ከመስፋፋቱ በፊት ማስቆም ይቻል እንደሆነ የሚያጠናው ዘርፍ ይስበኛል።

ችግሩ እናቴ ናት። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ነገሩን አነሣሁት። «ምን ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። መጀመሪያ የሚሠራው በአይጥ ነርቭ ላይ ነው አልኳት። ሲኒዋን አስቀምጣ ወደ ጎረቤታችን ዞረች፤ «ሰማሽ? ሰው እንድታክም ሰባት ዓመት አስተምሬያት አይጥ ልታክምልኝ ነው» አለች። ጎረቤታችን በሣቅ ፈረሰች። እኔም ሣቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የምመልስላት ነገር አልነበረኝማ።

በዚህ ሙያ ውስጥ ያላችሁ ወይም የምታውቁ፣ ይህ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምን ይሠራል? ስንት ዓመት ይፈጃል? ተምሮ ሐዋሳ ቢመለስስ የሚሠራው ነገር አለ?

ሒሳብ_ይቅደም | ጥቅምት 6፣ ምሽት 3፡15

እህቴ፣ እናትሽ ትክክል ናቸው። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በየወሩ ነው፤ የምርምር ውጤት የሚመጣው በየአሥር ዓመቱ፣ ያውም ከመጣ። ስፔሻሊስት ሁኚ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ በግል ክሊኒክ ትሠሪያለሽ፤ ነርቭ ከወደድሽ ኒውሮሎጂስት መሆን ይቻላል። ክፉ አሳቢ አትበይኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ያላደገለት የአንድ ሰው ወንድም ስለሆንኩ ነው።

ባለ_አጉሊ_መነጽር | ጥቅምት 7፣ ጠዋት 12፡50

የታቦር ልጅ፣ ጥያቄሽ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰደኝ። እኔም የዚያው ከተማ ልጅ ነኝ። ያደግሁት የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አጠገብ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓሣ ለሚበልቱት ልጆች ውኃ እያመላለስኩ፣ ቢላዋው ከጭንቅላቱ ሥር ገብቶ እስከ ጭራው ሲወርድ ስመለከት እውል ነበር። የተረፈውን አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ይለቅመዋል። ዛሬ በውጭ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ አነስተኛ ላቦራቶሪም አለኝ። ሥራዬ የተጎዳ ነርቭ ለምን እንደሚሞት ማጥናት ነው።

ዓመቱን ልቁጠርልሽ። በረዳት አስተማሪነት ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ዶክትሬት አምስት ዓመት፣ ከዚያ በሌላ ሰው ላቦራቶሪ ተቀጣሪ ተመራማሪ ሆኜ አራት ዓመት። የራሴን ክፍል ቁልፍ ስቀበል ዕድሜዬ 38 ነበር። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ሁለት ሱቅ ነበረው።

ጠዋት ተነሥቶ ምን ይሠራል ላልሽው፣ አሁን አሁን አብዛኛውን ጊዜ የምርምር ገንዘብ ለመጠየቅ እጽፋለሁ፤ አብዛኛው ማመልከቻ ይወድቃል። ያ ክፍል አያጓጓም፤ እንለፈው። የምወደውን ልንገርሽ። አይጧ ማደንዘዣ ወስዳ ከተኛች በኋላ ጭኗ ላይ በትንሹ ቀድደሽ ሁለቱን ጡንቻዎች ስትለያዪ፣ ትልቁ የእግር ነርቭ ነጭ ሆኖ እያብረቀረቀ ይወጣል። ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። በማይክሮስኮፕ ሥር ከፀጉር በቀጠነ ክር ትሰፊዋለሽ። እጅሽ የሚንቀጠቀጠው በትንፋሽሽ ጭምር መሆኑን የምታውቂው ያኔ ነው።

ከዚያ ወረቀት ነው። የአይጧን የኋላ እግሮች ቀለም እናስነካና ነጭ ወረቀት በተነጠፈበት ጠባብ መተላለፊያ እንለቃታለን። ጤነኛው እግር ጣቶቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ያትማል፤ የተጎዳው ሰብስቦ አንድ ቀጭን ጭረት ይተዋል። በየሳምንቱ ያንን ወረቀት በማስመሪያ እለካ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት በጭረቱ ውስጥ አንድ ጣት ተለይቶ ሲወጣ አይቼ፣ ወረቀቱን ይዤ በኮሪደሩ ላይ የማሳየው ሰው ፈለግሁ። ቅዳሜ ስለነበረ ከጽዳት ሠራተኛው በቀር ሰው አልነበረም፤ ለእርሱ አሳየሁት። «የወፍ እግር ነው?» አለኝ።

አንድ ጥፋቴንም ስሚ። በዶክትሬት ሦስተኛ ዓመቴ አንድ ውሁድ ነርቭን ከሞት ይጠብቃል ብዬ ደመደምኩ። አንድ ወር ሙሉ የተረፉትን የነርቭ ክሮች፣ ማለትም አክሶኖቹን፣ እየቆጠርኩ ነበር። አማካሪዬ መጥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ስትቆጥር መድኃኒቱን የወሰደችው የትኛዋ አይጥ እንደሆነች ታውቅ ነበር?» አውቅ ነበር። ስላይዶቹን ሁሉ በቁጥር ሸፍና እንደገና አስቆጠረችኝ። ልዩነቱ ጠፋ። ዓይኔ ለካ የምፈልገውን ክር «የተረፈ»፣ የማልፈልገውን «የሞተ» እያለ ሲደልለኝ ከርሟል።

የታቦር_ልጅ | ጥቅምት 7፣ ምሽት 1፡30

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። «የወፍ እግር ነው?» የሚለውን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ሰውዬው ትክክል ነው አለች።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ተማሪ ሳለን የተማርነው አክሶን ከሕዋሱ ሲቆረጥ ምግብ ስለሚቋረጥበት ይሞታል የሚል ነበር። ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ «መጠበቅ» የሚባለው ከየት ይመጣል? የተቆረጠ ቅርንጫፍ ይደርቃል፤ አለቀ።

ባለ_አጉሊ_መነጽር | ጥቅምት 8፣ ጠዋት 1፡20

«አንተ» በዪኝ፤ በአገሬ ልጅ አንቱ መባል አስረጀኝ።

ይህች የቅርንጫፍ ምሳሌ ከመቶ ዓመት በላይ ሁላችንንም አሳስታለች። አውግስጦስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ፣ ከቁርጡ ወዲያ ያለው ክፍል እንዴት እየተበጣጠሰ እንደሚጠፋ ጻፈ። ምክንያቱ ረሃብ ነው ተብሎ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኦክስፎርድ ውስጥ አንድ እንግዳ የአይጥ ዘር ተገኘ። የተቆረጠ ነርቩ በሁለት ቀን ውስጥ መበጣጠስ ሲገባው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ፤ በኤሌክትሪክ ሲነካም መልእክት ያስተላልፋል። ምግብ የሚልክለት ሕዋስ እኮ የለም! ረሃብ ቢሆን ኖሮ እርሱም መሞት ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ እንደታወቀው የአክሶን ሞት በትእዛዝ የሚፈጸም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳርም 1 የሚባለው ፕሮቲን ሲጠፋ የተቆረጡ አክሶኖች ለሳምንታት እንደሚቆዩ ታየ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሥራው ተገለጠ፤ ሕዋሱ ጉልበት የሚያገኝበትን ኤንኤዲ የተባለውን ንጥረ ነገር ራሱ ይበላዋል። ወታደር ሲያፈገፍግ ጎተራውን በራሱ እጅ እንደሚያቃጥለው ማለት ነው። ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ ሊታገድ ይችላል። የእኔ ሙያ የተንጠለጠለው በዚህች «ሊታገድ ይችላል» ላይ ነው። እስካሁን ግን ከፋርማሲ የምትገዢው እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም።

ሒሳብ_ይቅደም ወንድሜ እንዳይደሰትብኝ እንጂ የዘርፉ ታሪክ መቃብር የበዛበት ነው። ስትሮክን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ቆጠራ፣ የተሞከሩ 1,026 ሕክምናዎችን ዘርዝሯል። በአይጥ ላይ ተአምር የሠሩት አንጎልን የመጠበቅ ተስፋዎች በሰው ላይ አንድ በአንድ ወደቁ። አንዱ ምክንያት እኔ የሠራሁት ዓይነት ቆጠራ ነው። ሌላው ጊዜ ነው። አይጧ መድኃኒቱን የምታገኘው ከጉዳቱ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ፣ አንዳንዴም ከጉዳቱ በፊት ነው። የትኛው ሰው ነው ነገ እንደሚጎዳ አውቆ ዛሬ መርፌ የሚወጋው?

አቶቴ_ባጃጅ | ጥቅምት 8፣ ቀን 7፡05

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ በመካከል ስለገባሁ ይቅርታ። የባጃጅ ሾፌር ነኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በዝናብ ተገልብጬ የቀኝ ክንዴ መሐል ላይ ተሰበረ። አጥንቱ እየያዘ ነው ብለውኛል። ነገር ግን አንጓዬ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ መዳፌን ቀና ማድረግ አልችልም። ሐኪሙ «ነርቭህ ነው፤ ሦስት ወር እንጠብቅ» አለኝ። ሦስት ወር ዝም ብዬ ምን እጠብቃለሁ? ዘመዶቼ ወጌሻ ጋር ሄደህ ታሽ እያሉኝ ነው። እጄ ሞቷል ወይስ አልሞተም?

ፊዚዮቴራፒስቷ | ጥቅምት 8፣ ቀን 9፡30

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርህ። ወጌሻ አያስፈልግህም፤ የያዘ አጥንት ላይ ጠንከር ያለ እሽት ሌላ ጣጣ ያመጣል። «እንጠብቅ» ማለት «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ማለት ግን አይደለም። አንጓህን ቀና አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ አሠርተውልሃል? ካላሠሩልህ ነገ ሄደህ ጠይቅ። እንደተንጠለጠለ ከቆየ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ነርቩ ሲመለስ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ያጣል። በግራ እጅህ የቀኝ ጣቶችህንና አንጓህን በቀን ብዙ ጊዜ ቀስ እያደረግህ ዘርጋ።

ደግሞ ክርንህን አጥፈህ አውራ ጣትህን ወደ ላይ አድርግና በአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ ጡንቻ ተመልከት። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነቃው እርሱ ነው።

ባለ_አጉሊ_መነጽር | ጥቅምት 8፣ ምሽት 4፡10

አቶቴ ባጃጅ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ቀጠሮህን እንዳታስቀር። አጥንቱ ሲሰበር በተጎዳ የክንድ ነርቭ ላይ ሐኪሙ «እንጠብቅ» ማለቱ ግን ከስንፍና አይደለም። አብዛኛው በራሱ ይመለሳል።

ለምን ሦስት ወር እንደሚባል ላስረዳህ። ከህብለ ሰረሰር ውጪ ያለ ነርቭ ሲጎዳ ሽዋን የሚባሉት ሕዋሳት የሞተውን ጠርገው መተላለፊያ ይሠራሉ፤ አዲሱ ክር በዚያ ውስጥ ይበቅላል። ፍጥነቱ በአማካይ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ከጥፍር እድገት ይፈጥናል፤ ከባጃጅ ጋር ግን አይወዳደርም። የሚያድገውን ጫፍ ከውጪ ማግኘት ይቻላል። ከተሰበረው ቦታ ጀምረህ በክንድህ ውጪኛ ጎን ወደ ታች በጣትህ ጫፍ ቀስ እያልክ አንኳኳ። አንድ ቦታ ላይ ወደ እጅህ ጀርባ የሚወርድ መንዘር ይሰማሃል። እዚያ ላይ በብዕር ምልክት አድርግ። በየሳምንቱ ድገመው። ምልክቱ ወደ ታች ከወረደ ነርቩ እየመጣ ነው። ካልወረደ ይህንኑ ለሐኪምህ ንገረው፤ እርሱም ጠቃሚ ወሬ ነው።

ላብ_ቴክኒሻን | ጥቅምት 9፣ ጠዋት 4፡00

ዶክተር፣ እኔ ደግሞ ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም። ናሙና የምናስቀምጥበት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ነበረን። ዓርብ ከሰዓት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ቅዳሜ ሌሊት ነዳጅ አለቀበት፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ውኃው እግሬ ድረስ መጣ። ሦስት ዓመት የተሰበሰበ ደም ነበር። አንዱ ተመራማሪ ወንበር ስቦ ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣም። ከውጭ የሚታዘዝ ኬሚካል ደግሞ በጉምሩክ እስኪያልፍ ጊዜው ያልፍበታል። ተመልሰሽ ስትመጪ የምትመጪው ወደዚህ ነው።

ሒሳብ_ይቅደም | ጥቅምት 9፣ ጠዋት 4፡20

እኔ ምን አልኩ?

ነጭ_ጋውን | ጥቅምት 9፣ ምሽት 2፡00

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ማቀዝቀዣው እውነት ነው፤ በእኔም ደርሷል። ነገር ግን ውይይቱ ሁሉ ማይክሮስኮፕና አይጥ ላይ መሆኑ ገረመኝ። ነርቭ መጠበቅ በእኔ ክፍል የየዕለት ሥራ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ኢሶኒያዚድ ስንሰጥ ቫይታሚን ቢ 6 የምንጨምረው መድኃኒቱ ነርቭ እንዳይጎዳ ነው። የሥጋ ደዌ የነርቭ ድክመት ስድስት ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት ሊመለስ ይችላል፤ ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። የስኳር ሕመምተኛ ሚስማር ረግጦ ጫማውን ሲያወልቅ ብቻ የሚያውቅበት ጊዜ አለ፤ አይቻለሁ።

ይህ ዘርፍ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚልም ካለ ይሳሳታል። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የሥጋ ደዌን ለማጥናት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሰሜን ምዕራብ ገጠር እየዞሩ፣ በችግር ዘመን ጓያን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች እግራቸው ለምን እንደሚታሰር አጥንተው ጽፈዋል። የጓያው መርዝ የነርቭ ሕዋስን ከልክ በላይ የሚያነቃቃ አሚኖ አሲድ ነው፤ ሕዋሱ በመነቃቃት ብዛት ይሞታል። ለዚያ ጥናት መጀመሪያ ያስፈለገው ጫማና ጥሩ የቆጠራ መዝገብ ነበር። በእኛ በደቡቡ ደግሞ ካሳቫ የሚበሉ አካባቢዎች አሉ። በኮንጎ በደንብ ያልተዘጋጀ መራራ ካሳቫ ኮንዞ የሚባል፣ እግርን በድንገት የሚያስር በሽታ ያመጣል። እዚህ ማን ተመለከተ? ጥያቄ ፍለጋ ባሕር መሻገር የለብሽም።

ባለ_አጉሊ_መነጽር | ጥቅምት 10፣ ጠዋት 1፡00

ነጭ ጋውን የእኔን መልስ ከአፌ ነጠቀኝ፤ እኔ ግን ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ።

በሀብታም አገር ያለ ላቦራቶሪ የሚጠይቀው «በመጀመሪያው ሰዓት ምን ልስጥ?» ብሎ ነው፤ አምቡላንስ አለዋ። ሐዋሳ የሚደርሰው ተጎጂ በሦስተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንዳንዴም ወጌሻው ተስፋ ሲቆርጥ ነው። አቶቴ ባጃጅ ዕድለኛ ነው፤ ከመሐል ክንዱ እስከሚያስፈልገው ጡንቻ ያለው መንገድ አጭር ነው። ከአንገቱ የሚወጣው የነርቭ ሥር የተጎዳበት ሰውስ? እስከ ጣቱ ድረስ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 700 ቀን ነው። ጡንቻ ደግሞ ነርቭ አልባ ሆኖ ዓመት፣ ቢበዛ ዓመት ተኩል ነው የሚታገሠው። ክሩ ሲደርስ ቤቱ ፈርሶ ይጠብቀዋል። ታዲያ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ምን ሊተርፍ ይችላል? ጡንቻውን እንዴት እናቆየዋለን? ይህን ጥያቄ በቂ ሰው አይጠይቀውም፤ የሚያዩት ሕመምተኛ ቶሎ ይመጣላቸዋላ። እኔ እንኳን ሃያ ዓመት ሙሉ አይጦቼን በተቆረጡ በሰዓቱ ሳክም ኖሬ፣ ይህን ያሰብኩት እናቴን ለማስታመም መጥቼ በአንድ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ወረፋውን ሳይ ነው።

የታቦር ልጅ፣ ላብ ቴክኒሻኑ የነገረሽን ስታመለክቺ አስቢበት። ማቀዝቀዣ በማይፈልግ ነገር የሚለካ ጥያቄ ምረጪ። ቀለም የነካ እግርና ማስመሪያ መብራት ሲሄድ አይቀልጡም።

የታቦር_ልጅ | ኅዳር 3፣ ምሽት 2፡15

ጠፍቼ ነበር፤ ፈተና እያረምኩ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ስኳር ካለባት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሌሊት ሌሊት እግሯን ከብርድ ልብስ ታወጣለች፤ «ፍም ላይ ያስቀመጡኝ ይመስለኛል» ትላለች። እኔ ሐኪሟ ልጇ፣ የስኳር መጠኗን እጠይቃለሁ እንጂ እግሯን ተንበርክኬ ነክቼው አላውቅም ነበር። ነጭ ጋውን የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ 10 ግራም ጫና ሲደርስበት የሚጎብጠውን የናይሎን ክር ከክሊኒክ ተዋስኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ አስቀመጥኳትና ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ስነካሽ «አዎ» በዪ አልኳት። አውራ ጣቷን ነካሁ። ክሩ ጎበጠ። ዝም። ቀጣዩን ነካሁ። ዝም። ከጣቶቿ ሥር በሁለት ቦታ ነካሁ። ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «መቼ ነው የምትጀምሪው? ወጥ ጥጄ መጥቻለሁ እኮ» አለችኝ።

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ወደ ተረከዟ ስጠጋ «አዎ» አለች።

ማመልከቻውን ትናንት ልኬያለሁ። ርእሱ ዘግይቶ የተደረሰበት የስኳር የነርቭ ጉዳት ላይ ነው። እናቴ አሁንም ስፔሻሊቲ ይቅደም ባይ ናት። ቆይታ ግን «ሂጂ ካልሽ ሂጂ፤ አይጥ ይዘሽ ቤቴ እንዳትመጪ» ብላለች። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬዋለሁ።

ሒሳብ_ይቅደም | ኅዳር 3፣ ምሽት 2፡50

እናትሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። ሰፊ ጫማ ግዢላቸው፤ በባዶ እግር አይሂዱ። ስለ ኪራዩ ካልኩት ግን ንቅንቅ አልልም።

አቶቴ_ባጃጅ | ኅዳር 21፣ ቀን 6፡30

ሰላም የተከበራችሁ። ብዕሩን የጀመርኩት ጥቅምት 10 ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አልተንቀሳቀሰም፤ ተስፋ ቆርጬ ልተወው ነበር። ዛሬ በልጄ ማስመሪያ ለካሁት። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ዛሬው ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። አውራ ጣቴን ወደ ላይ አድርጌ ክርኔን ሳጥፍ ደግሞ ያ የተባለው ጡንቻ ቆዳዬ ሥር ዓሣ እንዳለ ዓይነት ብልጭ ይላል። አንጓዬ ገና ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ | ኅዳር 21፣ ቀን 6፡42

እሰይ! መደገፊያውን እንዳታወልቅ። ይህንኑ ቪዲዮ ቀርጸህ ለሐኪምህ በቀጠሮህ አሳየው።

ባለ_አጉሊ_መነጽር | ኅዳር 21፣ ምሽት 1፡05

በ41 ቀን 35 ሚሊ ሜትር። ሲጀምር ይለግማል፤ የአይጦቼም እንደዚያው ናቸው። ምልክቶቹን ሁሉ ከነቀናቸው ወረቀት ላይ ገልብጣቸው።

አቶቴ_ባጃጅ | ኅዳር 21፣ ምሽት 1፡20

ገልብጫለሁ ጋሼ። ሚስቴ ብዕሩን ደብቃብኝ ነበር፤ «ክንድህ የልጆች ደብተር መሰለ» ብላ። አሁን ራሷ ናት የምታንኳኳው።